ያልተነካው ጠረጴዛ

ግዲንያ ወደብ ላይ፣ ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት፣
ቧንቧው በሚያልብበት፣ ድንች በሚከተት፣
ሦስት ጠረጴዛ አለ። በየማክሰኞው ማታ
ካርቶን ቆርጠን፣ አጥፈን፣ መርከብ እንሠራለን በዝምታ።
(ዝምታ ማለቴ ለወጉ ነው።)

አንዱ የቦጉሚው ነው፦
ወረንጦው በቁመቱ፣ ምላጩ በየተራ፣
ብሩሹ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጫፉ የሚያበራ፣
ማስመሪያው ከጠርዙ ገጥሞ እንደ ድንበር አጥር፣
ሙጫው ክዳኑን ሳይለብስ አንዲት ሌሊት የማያድር።
የምስጥ እግር የምታህል ቁራጭ ብትወድቅበት
በእርጥብ ጣቱ አንስቶ፣ ቆጥሮ ነው የሚያስቀምጣት።

ሌላው የቪንጸንቲ።
እሱን እንኳ እኔ ከምነግርህ ወርደህ ብታየው ይሻላል፤
ዶሮ የጫረችው አመድ ከሱ አጠገብ ሥርዓት ይመስላል።
ግማሹ የተጣበቀ ጭስ ማውጫ፣ ጫፉ የተነከሰ ዳቦ፣
መነጽር፣ የኪኒን ብልቃጥ፣ የአምና ደረሰኝ ተደራርቦ፣
ሙጫ የያዘው ክር፣ ክር የያዘው መቀስ፣
ሁለት ኩባያ ጎን ለጎን፣ ሻይና የብሩሽ እጣቢ።
የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ራሱ፤
እሱም ሁልጊዜ አያውቅም፦
አንድ ማታ ስቆ ሲያወራ ሰማያዊ ነበር ምላሱ።

የኔ በመሃል ነው። ሃልሽካ እባላለሁ፣ አውቶቡስ ነጂ ነኝ።
ከቀኝ የቪንጸንቲ ክር ድንበሬን ይገፋል፣
ከግራ የቦጉሚው ዓይን እኔን እኔን ይገርፋል።

«ሰው እዚህ ላይ ምን ይሠራል?» ይላል ቦጉሚው ለቧንቧው።
«ታዲያ የት ይሥራ?» ይላል ያኛው፣ ሳይቀየም፣
«ያንተማ ጠረጴዛ አይደለም፤ የጥርስ ሐኪም!»
ሠላሳ ዓመት መርከብ ሠርተዋል፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ በር፤
አንዱ ንድፍ ክፍል፣ አንዱ ብየዳ። ያኔ ግን ማን ማንን ያውቅ ነበር?

በጥር በረዶ ቪንጸንቲ ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ።
ሕንጻው አስተዳዳሪ ወርዶ አየና አማረረ፦
«ቅዳሜ የእሳት ቁጥጥር አለ። ይህን ጉድ አንሱልኝ!»
ቁልፉን ለቦጉሚው ሰጠ።
ደስታው ነው አልኩ በሆዴ፣ ስለቱ ደረሰለት፤
ዓርብ ማታ ላግዘው ወረድኩ፣ መጥረጊያ ይዤለት።

ቦጉሚው እርሳስ ነክሷል።
የጠረጴዛውን ልክ ያህል ነጭ ወረቀት ዘርግቶ
ከዚያ ዝብርቅርቅ መሃል አንድ አንድ ዕቃ አንስቶ
ዙሪያውን ይነድፋል፣ ቁጥር ይሰጣል፣
ከጎኑ በዚያ በደቃቁ የንድፍ ክፍል ጽሕፈት ይጽፋል፦
«መቀስ፣ አፉ የተከፈተ፣ ወደ መስኮት የዞረ።»
«ክር፣ ሦስቴ የተጠመጠመ፣ አንድ ጊዜ የተቋጠረ።»
እስከ መቶ አርባ ሰባት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።
«ሰውየው ሥራ ላይ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«መሃል ላይ ነው የተነሣው።»

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው መጥቶ ባዶ ጣውላ አይቶ ሄደ።
ሌሊቱን ቦጉሚው ሣጥኑን ይዞ እንደገና ወረደ፣
በንድፉ መሠረት፣ ከአንድ እስከ መቶ አርባ ሰባት፣
ያንን ትርምስምስ መልሶ ሠራው፣ አንዲት ስሕተት ሳይታይባት።

በሚያዝያ ቪንጸንቲ መጣ፣ በከዘራ፣ እየተነፈሰ፤
ተቀመጠ፣ ሳያይ እጁን ሰደደ፣ ወረንጦው ላይ ደረሰ፣
ጭስ ማውጫውን ከተወበት ቀጠለ።
ኋላ ቆመ።
«ማነው የነካው?»
«ምኑን?» አልኩ።
«ኩባያዬ ታጥቧል።»
ዝም አልን። ዳቦውን አነሣ፣ ገመጠ፣ አኘከ፣ አሰበ፦
«የጥር ዳቦ በሚያዝያ እንዲህ ይለሰልሳል?»

የሻገተውን ጥሎ በየሳምንቱ አዲስ እየገዛ
በዚያው ጫፍ፣ በዚያው ልክ፣ ሲነክስ የነበረው ሰው
ማስመሪያውን ይወለውላል፤ ጆሮው ቀልቷል።
«ክርህ» አለ፣ «ሃልሽካ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል።
ሰብስበው።»